342 ኪሎ የሚመዝን በግ

የደብረ ብርሃንን ኅዳር የኖረበት ያውቀዋል። ጠዋት ፊትህን ልትታጠብ ስትወጣ ባልዲው ላይ ስስ በረዶ ጋርዶ ይጠብቅሃል። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጋቢ ደርቤ እግሬን ባና ውስጥ ቀብሬ፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ፔፐር፣ የጥናት ጽሑፍ ማለት ነው፣ ያትሙልኝ ብዬ ለአንድ የውጭ ጆርናል (የጥናት መጽሔት) ሰብሚት አደረግሁ፣ ላክሁ። ሰባት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሳይታተም ከጆርናሉ መልሶ ማስወጣቱ ግን ሃያ ሦስት ቀን፣ አራት ፊርማና አንድ የመንዝ መንገድ በላ።

ፔፐሩ ስለ መንዝ በግ ነው። ገበሬው ቤት ሚዛን የለም፤ ታዲያ የበጉን የደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት ይቻላል ወይ የሚል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በጉን ይዘህ ሜትሩን ከፊት እግሮቹ ኋላ ታዞራለህ፣ ትጽፋለህ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ታንጠለጥለዋለህ፣ እሱ ይራገጣል፣ ደግሞ ትጽፋለህ። የመንዝ በግ ጸጉሩ ብዙ ነው፤ እግሬን የቀበርኩበት ባና ራሱ ከእሱ ነው የተሠራው፤ ሜትሩን ካላጠበቅህ ጸጉሩን ለክተህ ትመለሳለህ። እኛ አጥብቀናል። በሜትሩ በኩል ማንም አያማንም።

በማግስቱ ማታ ባለቤቴ ሻይ ይዛልኝ መጣችና ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ኮምፒውተሩን አየች።

«ይሄ 342 ምንድን ነው?»

«የአውራው ክብደት ነዋ፤ በኪሎ።»

ሻዩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «በግ ነው ሰንጋ?»

34.2 ነበር። ነጥቧ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ስትሻገር የሆነ ቦታ ቀርታለች። ሠንጠረዡ ላይ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ስሌቱ ውስጥም ገብቶ አበላሽቶታል። ለካ ደረትና ክብደት አልገጥም ብለው ወር ሙሉ ያሰቃዩኝ በዚህ ነው! ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ያለመግጠማቸውን ምክንያት በሁለት ረጃጅም አንቀጾች ማብራራቴ ነው፤ የግጦሽ እጥረት፣ የደጋው ብርድ፣ የወቅቶች መለዋወጥ። ምስኪን ግጦሽ! በሌለበት ከሰስኩት።

በዚያው ሌሊት ላስወጣው ብዬ ገባሁ። ድረ ገጹ ላይ የመላኪያ ቁልፍ አለ፤ የመመለሻ የለም። «በግምገማ ላይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ለኤዲተሩ ኢሜይል ጻፍኩና በድንጋጤ «ሪትራክት አድርጉልኝ» አልኩት። ሪትራክት የሚደረገው፣ ማለትም የሚሻረው፣ የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ያውም በአደባባይ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ስምህ ከነውርደቱ እዚያው ቀርቶ። ገና ያልታተመ ጽሑፍ ዊዝድሮው ነው የሚደረገው፣ መልሰህ ትወስደዋለህ። ሽማግሌ የላክበትን ቤት «ይቅርብኝ» ማለትና ሚስት ፈትቶ ፍርድ ቤት መቆም አንድ አይደለም። የኤዲተሩ ረዳት ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ አስረድታ፣ በቂ ምክንያት የያዘና ሁሉም ጸሐፊዎች የፈረሙበት ደብዳቤ ላክ አለችኝ።

ምክር በበኩሉ ጎረፈ። አንዱ ባልደረባዬ «ዝም በለው፣ አስተካክለህ ለሌላ ጆርናል ላከው» አለኝ። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ጆርናል ላይ ማቆየት ነውር መሆኑን እያወቀ፤ የመጀመሪያው «ለቅቄሃለሁ» ብሎ እስኪጽፍልህ ድረስ የትም አትሄድም። ሌላው ደግሞ «ማስወጫ ብር ጠየቁህ?» ሲል ሆዴን አራደው። የጠየቁትን ሰው ያውቃል። በሦስት ቀን ያለ ግምገማ ተቀብለው፣ ይቅርብኝ ስትል በዶላር ክፈል የሚሉ ጆርናሎች አሉ፤ ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የላይብረሪ ባለሙያ የእነዚህን ዓይነቶቹን ስም እየዘረዘረ ያወጣ ነበር፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ። የእኔው ጆርናል ሳንቲም አልጠየቀም። ፊርማ ብቻ።

የራሴ ፊርማ ቀላል ነው። ሁለተኛው ጸሐፊ አዲስ አበባ ነው፤ ፈርሞ በቴሌግራም ላከ። ሦስተኛው፣ ስሜ ይግባ ብሎ የገባው አለቃችን፣ ደብዳቤውን ግራ ቀኝ አገላብጦ «የቱ ፔፐር ነው?» አለኝ። አስታወስኩት። «ታተመ እንዴ?» አለ ፊቱ በርቶ። የምን መታተም፣ እያወጣነው ነው ስለው ቅር ብሎት ፈረመ።

አራተኛው መንዝ ገጠር የነበረው መረጃ ሰብሳቢያችን ነው። ስልኩ ኔትወርክ የሚያገኘው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው፤ እሱም ጉብታ የሚወጣው ሲመቸው ነው። አምስት ቀን ደውዬ ሲያቅተኝ በስድስተኛው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ስንታጠፍ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጣ። ደብዳቤውን እንዳይጨማደድ ደረቴ ላይ፣ ከሹራቤ ሥር ለጥፌዋለሁ። በብርዱም ረዳኝ፣ አልዋሽም።

ልጁን ያገኘሁት ያው አውራ በግ በተመዘነበት ቤት፣ እሳት ዳር ነው። አባወራው የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡ፣ አረቄም ተቀዳ። ልጁ ደብተሩን አወጣ። 34 ነጥብ 2፤ ነጥቧ በእርሳስ ተደጋግማ ተጠቁማ እንደ ዝንብ ቁጭ ብላለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ያለ ሽማግሌ ተረጋገጠ።

«መምህር፣ በዚህ ብርድ ለአንድ ፊርማ ነው የመጣኸው?» አሉ አባወራው።

«አዎ አባቴ። የእርስዎን አውራ 342 ኪሎ ነው ብዬ ጽፌ ነው።»

መለኪያቸውን አወረዱ። ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ያንን በግ እኮ ለመስቀል በ2,400 ብር ሸጥኩት።»

«አዎ...»

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ያህል መመዘኑን ከመስቀል በፊት አትነግረኝም ኖሯል?»

እስኪያስለን ሳቅን። ፊርማውን በስልክ አነሳሁና ጉብታው ላይ ወጥተን፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘን ላክነው።

ጽሑፉ ከጆርናሉ መውጣቱን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ በሃያ ሦስተኛው ቀን ገባ። ከሥሩ፣ እስከዚያው ደርሶ ስለነበር ይጠቅምዎታል ተብሎ የሁለቱ ገምጋሚዎች አስተያየት ተያይዟል። እየፈራሁ ከፈትኩት። አንደኛው እንግሊዝኛው ይታረም ይላል። ሁለተኛው ስለ ግጦሽ እጥረት የተሰጠው ማብራሪያ አሳማኝ ነው ካለ በኋላ፣ የናሙናው ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ተጨማሪ በጎች ይመዘኑ ይላል። ሰንጋ የሚያህለውን በግ ሁለቱም በአጠገቡ አልፈውታል። አንዱ ብቻውን እንደ አሥር ሆኖ እያለ ተጨማሪ በግ!

ለመንዙ ልጅ ደውዬ፣ ዕድሌ ሆኖ ጉብታው ላይ ነበር፣ እንደገና ልንመዝን ነው አልኩት። አባወራው አጠገቡ ነበሩ መሰለኝ ስልኩን ተቀበሉት።

«ኑ መዝኑ፣ ቤቱ የእናንተው ነው። ነጥቧን ከማስገባትህ በፊት ግን ወረቀቱን ለእኔ ስጠኝ፤ ገበያ ይዤው ልውጣ።»