ስለ ድመቴ የተሳልኩት ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የደሴው መድኃኔዓለም ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ስለት አለብኝ። የተሳልኩት ጧፍና ዕጣን ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት ልመሰክርም ነበር። ጧፉን አስገብቻለሁ። ምስክርነቱን ግን እያፈርኩ እስከ ዛሬ አቆየሁት፤ ነገሩ የድመት ነገር ነዋ። ሰው ከካንሰር ዳንኩ፣ ልጄ ከባሕር ተረፈልኝ ብሎ በሚመሰክርበት ቦታ ቆሞ "ድመቴ ሞታ…" ብሎ መጀመር ይከብዳል። ቢሆንም ስለት ስለት ነው።

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ቤቴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ልጆቼ ወጥተዋል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር ናቸው። ሻሼን ያገኘኋት በ2014 ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ሰዉ የያዘውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሲጎርፍ፣ እኔ የት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ሰፈሩ ጭር ባለ በሦስተኛው ቀን ከአንድ ከተዘጋ ግቢ አጥር ላይ ቡጢ የማታህል ድመት ስትጮህ ሰማሁ። ግራጫ ናት፣ አናቷ ብቻ ነጭ። ሻሽ ያሰረች ሴት ስለመሰለችኝ ሻሼ አልኳት።

መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮ ቆሟል። ኅዳር መጨረሻ ከተማው እስኪለቀቅ ድረስ ሻሼ ሌሊት ሌሊት ደረቴ ላይ ተኝታ ኩርር ኩርር ትል ነበር። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ሲያልፍ መልሳ ትተኛለች። እሷ ከተኛች እኔም እተኛለሁ። ሌላ ምልክት አልነበረኝም።

በዚያ ወር ከሰፈራችን ያልሸሹት እኔና አንዲት ጎረቤቴ ነን። እማማ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። ለወሎ ሰው ይህን መናገር አያስፈልግም ነበር፣ ለኋላው ስለሚያስፈልገኝ ነው። እሳቸው ከጓዳቸው የተረፈችውን የገብስ ዱቄት፣ እኔ ከሰሌን እያዋጣን ባንድ ምጣድ ጋግረን በላን።

አሁን ወደ ጥር 2017 ልምጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻሼ እንደ ወትሮዋ የስፌት መኪናዬ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። ድንገት ጮኸች። የድመት ጩኸት አልመሰለኝም። ልትነሣ ስትሞክር የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት፤ በፊት እግሮቿ እየጎተተቻቸው ወደ እኔ መጣች። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች። ሳቅፋት የኋላ እግሮቿ ጠዋት ውርጭ የመታው የጦሳ ድንጋይ ሆነዋል፣ የፊቶቹ ግን ሙቅ ናቸው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሐኪም ዘንድ አልደረስንም፤ ሸዋ በር ጋ ስንደርስ አለቀች። ባለባጃጁ ልጅ በመስታወቱ አይቶኝ "እናቴ፣ ሂሳቡን ይተዉት" አለኝ፤ አዙሮም ቤቴ አደረሰኝ። ምርቃቴ አይለየው።

ጓሮዬ ካለው ኮክ ሥር ቀበርኳት። "ለድመት ነው እንዴ?" አሉኝ። "ድመት ሞልቷል፣ ሌላ አምጪ" አሉኝ። "እኛ ሰው ቀብረን ተቀምጠን የለም ወይ" ያለችኝም አለች፤ እውነቷን ነው፣ ለዚህ ምን መልስ አለኝ? ብቻ እግሬ ፔዳሉን ሊረግጥ በተነሣ ቁጥር ጅራቷን እንዳልረግጥ ወደ ጎን እል ነበር። ይህ ሁለት ወር ያህል አልለቀቀኝም።

ሀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፎልኝ ነበር። ሻሼ ከመሞቷ ሳምንት ቀደም ብሎ እማማ ቡና ላይ "አይጥ ጤፌን ጨረሰችው፣ መርዝ አስገዝቻለሁ" ብለው ነበር። ሻሼ ደግሞ የእሳቸውን አጥር በቀን አሥር ጊዜ የምትዘል ናት። ደመርኩት፣ አበቃ። ማንንም አልጠየቅሁም። ቡና ሲጠሩኝ አንድ ቀን ራሴን ያመኛል፣ አንድ ቀን ሥራ ይበዛብኛል። "አላህ ይተካልሽ፣ ልጄ" ሊሉኝ የመጡ ዕለት አንገቴን ደፍቼ በልቤ "ገድለሽ ስታበቂ" አልኩ። አንቺ ብዬ! እናቴን የሚያህሉ ሴት።

የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ገባ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ረመዳን ተከተለ። ሁለቱ ጾም ሲገጥሙ ሰፈራችን ደስ ይላል። ቀን ጭስ የሚወጣው ቤት የለም፣ ማታ ግን በየአጥሩ ላይ ሳህን ይተላለፋል። እማማ ሥጋም ቅቤም ያልነካው የአጃ ሾርባ ለእኔ ለብቻዬ ይሠራሉ። በዚያ ዓመትም በልጅ ልጃቸው እጅ ላኩልኝ። ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ልጁ ሲሄድ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። መርዝ አለበት ብዬ አይደለም። ወይም እንጃ።

ጾሙን ልቆርብ አስቤ ነበርና ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። "አባ፣ ስለ ድመት ማልቀስ ኃጢአት ነው?" ብዬ ጀመርኩ። ስለ ልቅሶዬ ብቻ አውርቼ ልወጣ ነበር፣ ሾርባው ግን ከአፌ አመለጠኝ። እሳቸውም "ዳዊት ሰውንና እንስሳን ታድናለህ ይል የለም? ልቅሶሽን ተዪው። የሾርባውን ንገሪኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ሄደሽ ጠይቂያቸው፣ ታርቀሽ ነይ" አሉኝ።

አልቻልኩም። ደጃቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። እንግዲህ ያኔ ነው የተሳልኩት። መድኃኔዓለም ፊት ወድቄ "ወይ እውነቱን አሳየኝ፣ ወይ ይህን ነገር ከሆዴ አውጣልኝ። ካወጣህልኝ ጧፍና ዕጣን አስገባለሁ፣ በሰው ፊትም እመሰክራለሁ" አልኩ። ሁለት ሳምንት ሰገድኩ። ምንም የለም። እንዲያውም የእማማን ሳል በአጥር ስሰማ ይባስ ይብሰኝ ጀመር።

ከዚያ አንድ ወጣት ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ሱሪው በረት በረት ይሸታል። እያፈረ "ይቅርታ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ከላም ሥር ነው የመጣሁት" አለኝ። ልጠይቀው አላሰብኩም፤ ልክ እየወሰድኩለት ሳለ ነገሩ ራሱ ወጣ። አልሳቀብኝም። አስመለሳት? አረፋ ደፈቀች? ተንቀጠቀጠች? ከአፏ ወይ ከአፍንጫዋ ደም ነበር? ለሁሉም አይ አልኩ። ቀጥሎ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፦ "የኋላ እግሮቿ ከፊቶቹ ይልቅ ይቀዘቅዙ ነበር?"

መቀሱን አስቀመጥኩ።

የድመትን የልብ ጡንቻ እያወፈረ የሚሄድ በሽታ አለ አለኝ፤ ወጣቷንም ይይዛል። እየበላች እየዘለለች ምንም ላይታይባት ይችላል። ልቧ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው አንድ ቀን ተነቅሎ በትልቁ የደም ሥር ይወርድና ሥሩ ወደ ሁለቱ የኋላ እግሮች የሚከፈልበት ቦታ ላይ ይሰነቀራል። እግሮቹ ይሰንፋሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ መርገጫቸው ይገረጣል፤ ሕመሙ ብርቱ ስለሆነ ትጮኻለች። "ሬሳዋን ከፍቼ ሳላይ አልምልም። የነገሩኝ ግን የአይጥ መርዝ አይመስልም። መርዝ ሁለት እግር መርጦ አያቀዘቅዝም" አለ። ቶሎ ብደርስስ ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት። መሣሪያው ሁሉ ባለበት አገር እንኳ ብዙዎቹ አይተርፉም አለኝ። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር አንዱን እግር ሳላሳጥርበት የቀረሁ አይመስለኝም፤ ተመልሶ አልመጣም፣ እግዚአብሔር ይወቀው።

ዒድ ሊሆን ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማግሪብ ሊል ሲል ሄድኩ። እማማ ቴምርና ውሃ አስቀምጠው አዛኑን ይጠብቃሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"እማማ፣ ሻሼን እርስዎ የገደሏት መስሎኝ ነበር።"

"አውቄያለሁ" አሉኝ። "ሾርባውን ስትደፊ ልጁ በአጥር አይቶሽ ነገረኝ።"

በማግሥቱም እኮ ልከውልኝ ነበር። አውቀው!

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "ድመት ዘግታባት በረሃብ የገደለች ሴት እሳት ገባች ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁ። የነቢያችን ሰሐባ አቡ ሁረይራ ስሙ የድመት ግልገል አባት ማለት ነው። እኔ ድመት እገድላለሁ?" መርዙን መግዛታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሻሼን አጥሩ ላይ ሲያዩዋት ፈርተው ሳይከፍቱት ሽንት ቤት ጉድጓድ ጥለውታል። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? "ምን ብዬ? ሳትጠይቂኝ አልገደልኩም ልበልሽ?"

ጥቂት ዝም ብለው "በረካም እኮ…" አሉና እንባቸው መጣ። በረካ ማን ናት? ሻሼ ናት። ቡናቸው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እየመጣች ጭናቸው ላይ ስለምትተኛ በረካ ብለዋት ኖሯል። ከሦስት ዓመት በላይ ሁለት ቤት፣ ሁለት ስም ነበራት፤ እኔ አላውቅም። እሳቸውም ሀዘንተኛ ነበሩ። ለእኔ ቢያንስ "ለድመት ነው እንዴ?" የሚለኝ ሰው ነበረ፤ እሳቸውን ማንም ምንም አላላቸውም።

አዛን አለ። መጀመሪያ ለእኔ ቴምር ሰጡኝ።

በዚያ ሌሊት ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃ ነጋልኝ። መጋቢት 27፣ በራሱ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ቆረብኩ፤ ጧፉንም ያስገባሁት ያን ዕለት ነው። ለሻሼ አሁንም አለቅሳለሁ። ልቅሶውን ውሰድልኝ ብዬ አልተሳልኩም።

ሌላ ድመት አላመጣሁም። አይጦቹ ተመልሰዋል። እማማ ጤፋቸውን በርሜል ውስጥ ገልብጠው ክዳኑ ላይ ሙቀጫ ጭነውበታል፤ እኔ ደግሞ ከገበያ የሽቦ ወጥመድ ገዝቼ አጥራችን ሥር አጠመድኩ። እስካሁን የያዘው የእሳቸውን ዶሮ ብቻ ነው።