ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ ስንት ውሃ ይወስዳል?

ሄሞግሎቢን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ኦክስጅን ሲይዝ ከውጥር ቅርጽ ወደ ልል ቅርጽ ይሸጋገራል። ሲላላ ተሸፍኖ የነበረ ገጽ ይገለጥና ውሃ ይለጠፍበታል። ኮሎምቦ፣ ራውና ፓርሴጂያን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህ ተጨማሪ ውሃ ወደ 60 ሞለኪውል እንደሚደርስ አሳይተዋል። የሚያስደንቀው፣ ውሃውን በዓይን ሳያዩ መቁጠራቸው ነው።

ሄሞግሎቢኑ ባለበት ባፈር (አሲድነቱ እንዳይዋዥቅ የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ውስጥ ሱክሮስ (ተራ ስኳር) ሲጨመር ውሃው በስኳሩ ይያዛል፤ ፕሮቲኑም 60ውን ሞለኪውል ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ የሄሞግሎቢኑን ግማሽ በኦክስጅን ለመሙላት የሚያስፈልገው የኦክስጅን ግፊት፣ ማለትም ፒ50፣ ከፍ ይላል። የፒ50ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከኦስሞላሊቲ (በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ከሟሟው ነገር መጠን) አንጻር በግራፍ አስቀምጡ። የመስመሩን ተዳፋት በ4 (አንድ ሄሞግሎቢን በሚይዛቸው ኦክስጅኖች ብዛት) እና በ55.5 (በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ባለው ሞል) አባዙት። ተዳፋቱ 0.27 ከሆነ ውጤቱ 60 ነው። ፒ50 ያለ ስኳር 26 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቢሆን፣ ኦስሞላሊቲው በ1 ሲጨምር ወደ 34 ይወጣል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባፈሩን ሲያዘጋጅ ነው። ስኳሩን ጨምሮ እስከ አንድ ሊትር ምልክት ድረስ ውሃ የሚሞላ ሰው የውሃውን መጠን ቀንሷል፤ ጨው በኪሎ ውሃ ሲሰላ በዝቷል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ ራሱ ፒ50ን ከፍ ያደርጋል፤ የጨው ውጤት እንደ ውሃ ውጤት ይቆጠራል። መፍትሔው ሚዛን ነው፦ አንድ ኪሎ ውሃ የያዘ ባፈር ላይ 342 ግራም ሱክሮስ። ኦስሞላሊቲውን ግን ከዚህ አታስሉ፤ ከ1 ስለሚያልፍ በኦስሞሜትር (በኦስሞላሊቲ መለኪያ) ለኩት። በስኳር ፋንታ ለሚገባው ዝልግልግ ፖሊመር፣ ለፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ ናሙናውን በማቀዝቀዝ ከሚለካው ኦስሞሜትር ይልቅ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራው ይሻላል።

ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ስኳሩ ከገባ በኋላ፣ በልኬቱ ሙቀት ይስተካከል፤ አሲድም ፒ50ን ያንራል። ኦክስጅን በስኳር ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ስለዚህ የሚመዘገበው የጋዙ ግፊት እንጂ የሟሟው መጠን አይደለም። ናሙናው ቡናማ እየሆነ 630 ናኖሜትር ላይ ብርሃን መምጠጡ ከጨመረ ሜትሄሞግሎቢን (ኦክስጅን መያዝ የማይችለው የሄሞግሎቢን ዓይነት) በዝቷል፤ ይጣል።

በእኔ እምነት በአንድ ስኳር ብቻ የተገኘ ቁጥር ገና ቁጥር አይደለም። በስታኪዮስ (በሌላ ስኳር) እና በፖሊኢቲሊን ግላይኮል 400 ይደገም። ነጥቦቹ አንድ መስመር ላይ ካረፉ የሚሠራው ውሃው ነው፤ ከተለያዩ ከሟሟዎቹ አንዱ ፕሮቲኑን ራሱን እየነካ ነው። በመጨረሻ ስኳሩን በዳያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በማጣራት) አውጥታችሁ እንደገና ለኩ፤ ፒ50 ወደ መነሻው (በምሳሌያችን ወደ 26) ካልተመለሰ የዚያን ቀን ነጥቦች ግራፉ ላይ አታስገቡ።