ስልሳ አራት ሸክላ እንደገና

«ሳክስፎኑ አሸዋ የቃመ ይመስላል» አሉ ደንበኛው፣ ጆሮ ማዳመጫውን ከራሳቸው ላይ ሳያወርዱ። «እኔ እነዚህን ሸክላዎች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አርጅተዋል፤ ግን እንዲህ አይጮኹም።»

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላና ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ፣ ሦስት ሰው የሚሠራበት ትንሽ ክፍል ነው፤ ባለቤቱ፣ የመገልበጡን ሥራ የያዘች ወጣት ባለሙያና ሬዲዮና ማጉያ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት። ደንበኛው ያመጡት ሦስት ሳጥን ሙሉ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ የወጡ አሉበት፤ የካይፋም የፊሊፕስም አሉበት። አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው። 64ቱ ታጥበው፣ ተገልብጠው፣ ተቆርጠውና ስም ወጥቶላቸው አልቀዋል። 128 ገጽ መሆኑ ነው።

ከዚያ በፊት በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም። አዲስ ነገር ቢኖር ባለቤቱ ከዋሽንግተን ዲሲ በሻንጣ ያመጡት ፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር (የመርፌውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ) ብቻ ነው። በዋጋው ጥሩ መኪና ባይገዛም ጥሩ ሞተር ሳይክል ይገዛል።

ዕቃው በመጣ ቀን ሌላ አደጋ ለጥቂት አልፏል። ልጅቷ ሶኬቱን በአዳፕተር ልትሰካ ስትል አዛውንቱ እጇን ያዙና ሳጥኑን ገለበጡት። ከጀርባው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። እዚህ ግድግዳው የሚሰጠው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አዳፕተር የሚቀይረው ደግሞ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይደለም። ደግነቱ የዚህ ዕቃ ትራንስፎርመር ኤሌክትሪክ በሚገባበት በኩል ሁለት ጥቅል ሽቦ ነበረው። ለ120 ጎን ለጎን የተያያዙትን ጥቅሎች ለ230 አንዱን ከሌላው ኋላ አድርገው በተከታታይ አያያዟቸው፣ ፊውዙንም ከ500 ወደ 250 ሚሊአምፔር አወረዱት። ባለ አንድ ጥቅል ቢሆን ኖሮ ማውረጃ ትራንስፎርመር ሊፈለግ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከፎኖ ዕቃ አጠገብ ሲቀመጥ የራሱን የ50 ኸርዝ እምምታ ይዞ ይመጣል። ከአሜሪካ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ድምፅ ጥራት ሳይሆን ይኼ መሆን አለበት፦ ቮልቴጁ ውስጡ ይቀየራል ወይ?

ደንበኛው ቅሬታቸውን ሲያሰሙ ልጅቷ መጀመሪያ ያመካኘችው በሸክላው ነው። «ጋሼ፣ ቦዩ አልቋል፤ በዚያን ጊዜ ማጫወቻ ስንቴ እንደታረሰ ማን ያውቃል?» አለች። ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። አዛውንቱ ግን አልመለሱላትም፤ ከሳጥኑ በጣም የሚጮኸውን ሸክላ አወጡና ሳክስፎኑ የሚገባበትን አሥር ሰከንድ መርጠው ሁለት ጊዜ አስቀዱ፤ አንዴ በአዲሱ፣ አንዴ ከቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ በወረደው በአሮጌው ርካሽ ፕሪአምፕ። ሁለቱን ቅጂዎች በኮምፒውተሩ እኩል ድምፅ ላይ አመጧቸውና አፈራርቀው አሰሟት። አሮጌው ላይ ሳክስፎኑ ትንሽ ደብዘዝ ቢልም ንጹሕ ነው። አዲሱ ላይ አሸዋ አለ።

ይህን ሙከራ የሸክላ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ሊይዘው ይገባል። ቦይ ያለቀበት ሸክላ በየትኛውም ማጉያ ቢሰማ ያለቀ ነው። መርፌው ከከሳ ወይም ክብደቱ ካነሰም ጭረቱ በሁለቱም ይሰማል (እዚያ ቤት የሚሠራበት ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ መርፌ 1.8 ግራም ይፈልጋል፤ ተመዘነ፣ ልክ ነበር)። ጭረቱ በአንዱ ኖሮ በሌላው ከጠፋ ግን ጥፋተኛው ኤሌክትሮኒክሱ ነው።

ከዚያ የሞገዱን ሥዕል አጎሉት። ልጅቷ ሜትሩን በጥንቃቄ ጠብቃ ነበር፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 8 ዲሲቤል ላይ ነው፣ ቀይ መብራት አንዴም አልበራም። የሞገዱ ጫፎች ግን በመቀስ የተቆረጡ ይመስል ጠፍጣፋ ናቸው፤ ከላይም ከታችም፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ። ዜሮ ላይ ቢቆረጡ ኖሮ ሳውንድ ካርዱ ሞላ ይባል ነበር። 8 ዲሲቤል ዝቅ ብለው መቆረጣቸው ግን ድምፁ ካርዱ ጋ ሳይደርስ፣ እዚያው ፕሪአምፑ ውስጥ መቆረጡን ይናገራል።

«ጌይኑ ስንት ላይ ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ሲመጣ በነበረበት ነው ጋሼ። የመርፌውን ጭነት፣ 47 ኪሎ ኦሙን፣ አስተካክያለሁ። ድምፁ ሲበዛብኝ የካርዱን ቁልፍ ቀነስኩት።»

ሳጥኑን ገልብጠው ከሆዱ በኩል በጥፍር የሚገፉትን ጥቃቅን ስዊቾች በባትሪ አዩ። ጌይኑ፣ ማለትም የማጉላት መጠኑ፣ 62 ዲሲቤል ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አዛውንቱም ካርቶን ቀደው ጻፉላት። 40 ዲሲቤል 100 እጥፍ ማጉላት ነው፤ 60 ደግሞ 1000 እጥፍ። 62 ወደ 1260 እጥፍ ይደርሳል። 2ኤም ሬድ በመደበኛው መለኪያ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ፍጥነት፣ 5.5 ሚሊቮልት ይሰጣል። በ1260 ሲባዛ 6.9 ቮልት ይሆናል። ያ ዕቃ ሳይቆርጥ የሚያወጣው ከፍተኛ መጠን ወደ 9.5 ቮልት ነው። ስለዚህ ከመደበኛው በላይ የቀረው ቦታ 2.8 ዲሲቤል ብቻ ነበር ማለት ነው። ባለ 45 ዙር ሸክላ ደግሞ ጮክ ተደርጎ የሚቀረጽ ነገር ነው፤ ነሐስ መሣሪያ ሲገባ ከመደበኛው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይዘላል። ለስለስ ያሉት ዘፈኖች ደህና ሆነው የተገኙትም፣ ልጅቷም ሳትጠረጥር 64 የደረሰችው በዚህ ምክንያት ነው። ጌይኑ 40 ቢሆን ያው መርፌ 0.55 ቮልት ይሰጥና ከበላዩ ወደ 25 ዲሲቤል ባዶ ቦታ ይተርፋል።

የካርዱን ቁልፍ መቀነሷ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ማንም የሚያደርገው ነው። ግን የተቆረጠን ፀጉር ወደ ኋላ ማበጠር ነው የሚሆነው። ሜትሩ የሚያሳየው ከእሱ በፊት ያለፈውን ሳይሆን እሱ ጋ የደረሰውን ብቻ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። የዚህ ዕቃ የመጨረሻው ደረጃ ስለቆረጠ ጠፍጣፋው ጫፍ በዓይን ታየ። አንዳንድ ንድፎች ግን መጀመሪያ ሁሉንም እኩል ያጎሉና የአርአይኤኤ እርማቱን (ሸክላ ሲቀረጽ የተቀየረውን የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ሚዛን የሚመልሰውን) ከዚያ በኋላ በሬዚስተርና በካፓሲተር ያደርጋሉ። ሸክላ ሲቀረጽ ቀጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ነው፤ 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ከ1 ኪሎ ኸርዙ ወደ 20 ዲሲቤል ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ዕቃ የ«ሰ» እና የ«ጸ» ፉጨት፣ የጭረት ቋቋታም የመጀመሪያውን ደረጃ ይሞሉታል፤ ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ደግሞ የተቆረጠውን ጫፍ መልሶ ያለሰልሰዋል። ሥዕሉ ላይ ምንም አይታይም። የሚሰማው አጭር መሆን የነበረበት ቋታ ረዘም፣ ወፈር ብሎ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲገዛ ከወረቀቱ ላይ መፈለግ ያለበት ቁጥር የመግቢያ መሸከሚያው ነው፦ 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ስንት ሚሊቮልት ይችላል? እንደ 2ኤም ሬድ ላለ፣ ማግኔቱ ለሚንቀሳቀስበት ባለ ማግኔት መርፌ ከ100 በላይ የሚል ዕቃ ያስተማምናል። ይህን ቁጥር ጨርሶ የማይጽፍ አምራች በእኔ ግምት የሚጠረጠር ነው፤ የፊት ሰሌዳው ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፎ እሱ ሲቀር በተለይ።

ሁለተኛው ስሕተት ካፓሲታንሱ (ገመዱና ዕቃው የሚይዙት ጥቂት የኤሌክትሪክ ክምችት) ነበር። ስዊቹ 330 ፒኮፋራድ ላይ ነው፤ የክንዱ ሽቦና ገመዱ ሲለኩ 150 ሆኑ፤ ድምሩ 480። ኦርቶፎን ለዚህ መርፌ የሚለው ከ150 እስከ 300 ነው። የመርፌው ጥቅል 700 ሚሊሄንሪ ስለሆነ ከ480 ፒኮፋራድ ጋር 8.7 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይስተጋባል፤ ይህም የጭረትና የፉጨት ሰፈር ነው። ስዊቹ 100 ላይ ሲሆን ድምሩ 250፣ ማስተጋቢያውም 12 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል። ብዙ ሰው «ይህ ፕሪአምፕ ብሩህ ነው፣ ያ ደብዛዛ ነው» እያለ የሚከራከርበት ነገር ስንት ጊዜ የገመድ ርዝመት ሆኖ እንደሚገኝ! ለባለ ማግኔት መርፌ ዝቅተኛ ካፓሲታንስ ያለው 1 ሜትር ገመድ ገዝቶ ስዊቹን ዝቅ ማድረግ፣ የዕቃውን ማዕረግ ከፍ ከማድረግ ይቀድማል።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ ሲሰሙ የመጀመሪያ ሐሳባቸው መሸጥ ሆነ። «እንሽጠውና የተሻለ ይምጣ ጋሼ፤ የቫኩም ቱቦ ያለው ቢሆንስ?»

«ዕቃው ምን በደለ?» አሉ አዛውንቱ። «ለሌላ መርፌ የተዘጋጀ ነው። ዴኖን ዲኤል 103 ብታስርበት ኖሮ ያ 62 ልክ ይመጣ ነበር።»

ልክ ናቸው። ዴኖን ዲኤል 103 በማግኔቱ ፋንታ ጥቅል ሽቦው የሚንቀሳቀስበት መርፌ ነው፤ የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ነው። በ1260 ሲባዛ 0.38 ቮልት ይሆናል፤ ጭነቱም 47 ኪሎ ሳይሆን 100 ኦም እና ከዚያ በላይ ነው። ወይም 40 ዲሲቤል ያለው ማንኛውም ጥሩ ፎኖ ላይ 1 ለ10 የሆነ ከፍ ማድረጊያ ትራንስፎርመር ይቀደምለታል፤ ያ 20 ዲሲቤል ይጨምርና 47 ኪሎውን በ100 አካፍሎ መርፌው 470 ኦም እንዲያይ ያደርጋል። ከፍተኛ ዋጋ በአብዛኛው የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ያችን 0.3 ሚሊቮልት ያለ ሹክሹክታ ለማጉላት። 5.5 ሚሊቮልት የሚሰጥ መርፌ ይዞ ለዚያ ጸጥታ መክፈል፣ ለጎረቤት ጎርፍ ግድብ መሥራት ነው። ቱቦውንም በተመለከተ ሰው የወደደውን ይግዛ፤ ለመገልበጫ ሥራ ግን በየጊዜው የሚያረጅ፣ የግራና የቀኙ መጠን የሚለያይ ነገር አይመከርም።

ታዲያ ወደ ዴኖኑ ለምን አልዞሩም? የሰው ሳጥን ሸክላ ቆሻሻና ጭረት ይበዛዋል፤ መርፌ ቶሎ ይከሳል። የ2ኤም መርፌ በጣት ተስቦ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። የዲኤል 103 መርፌ አይወጣም፤ ሲያልቅ ሙሉው ይላካል ወይም ይጣላል። ቤቱ ውስጥ ለብቻው ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ችግር አይደለም።

ሞኖ ቁልፍ ያለው ዕቃ ይፈለግ ወይ የሚለውም ተነሳ። ለአዳማጭ እሰየው ነው፦ ሞኖ ሸክላ ላይ ድምፁ ያለው በጎን እንቅስቃሴው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው የአቧራና የሞተር ድምፅ ይጠፋል። ገልባጭ ግን ሁለቱን ለየብቻ ቀድቶ ማስቀመጥ አለበት፤ አንዱ የቦይ ግድግዳ ከሌላው የዳነበት ጊዜ ብዙ ነው። መደመሩ በኋላ በኮምፒውተር ይደረጋል። የአርአይኤኤ እርማት ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስለሆነም የተለያየ እርማት የሚመረጥባቸው ውድ ዕቃዎች ለእነዚህ ሳጥኖች ምንም አይጨምሩም። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ እንደተቀረጹት ያለ የቀንድ ዘመን (ድምፅ በማይክሮፎን ፋንታ በቀንድ ይቀረጽ በነበረበት ጊዜ የተሠራ) ሸክላ ከመጣ ግን አርአይኤኤ ራሱ ስሕተት ነው፤ መርፌውም 18 ሳይሆን 70 ማይክሮን አካባቢ መሆን አለበት።

ዕቃው አልተሸጠም። ጌይኑ 40፣ ካፓሲተሩ 100፣ ጭነቱ 47 ኪሎ ላይ ሆነ፤ ልጅቷም ሦስቱን ቁጥሮች በነጭ ፕላስተር ጽፋ ፊት ለፊቱ ለጠፈች። በዚያው ጠዋት እምምታ ስለነበረ ከማጉያው ትራንስፎርመር ግማሽ ሜትር አራቁት፣ የማጫወቻውንም ግራውንድ ሽቦ ከካርዱ ነቅለው ወደ ፕሪአምፑ አዞሩት። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ሳጥን በጣም የሚጮኸው ሸክላ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ጫፉ ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያ ነው ሌላው የሚቀጥለው።

64ቱ እንደገና ተቀዱ፤ ሳምንት ፈጀ፣ ደንበኛውም ክፍያ አልተጠየቁበትም። 59ኙ ላይ አሸዋው ጠፋ። አምስቱ ላይ ቀረ። በ25 ማይክሮን ክብ መርፌ ከቦዩ ሌላ ከፍታ ላይ ሲነኩ ሁለቱ ተሻሻሉ። ሦስቱ እንዳሉ ናቸው፤ ደንበኛውም አይተው ሳቁ። «እነዚህስ የቡና ቤቱ ናቸው» አሉ፤ «ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ ነው የኖሩት።»