ብሌኑ የሰፋ ዓይን

እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱት 6 ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚደርሳቸው ከአንጎል ግንድ በሚነሡ ሦስት ነርቮች፣ ማለትም በ3ኛው፣ በ4ኛውና በ6ኛው በኩል ነው። በሕክምና ሥራዬ አንድ ሰው ድንገት ነገሮች ሁለት ሆነው እንደሚታዩትና የአንድ ዓይኑ ቆብ እንደወደቀ ሲነግረኝ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የወደቀውን ቆብ በአውራ ጣቴ ከፍ አድርጌ ብሌኑን በብርሃን እመረምራለሁ።

ምክንያቱ የ3ኛው ነርቭ አሠራር ነው። ይህ ነርቭ ቆቡን ያነሣል፣ ብሌኑን ያጠባል፣ ከ6ቱ ጡንቻዎችም 4ቱን ያዛል፤ ሲሽመደመድ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ያዘነብላል። ብሌን አጥባቢዎቹ ክሮች የሚጓዙት በነርቩ ላይኛው ገጽ ስለሆነ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው የኋለኛው አገናኝ ደም ወሳጅ ቧንቧ ከሚነሣበት ቦታ ላይ ግድግዳው ሳስቶ ሲነፋ፣ ማለትም አኑሪዝም ሲፈጠር፣ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጫኑት እነርሱ ናቸው። ስኳርና የደም ግፊት ነርቩን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲጎዱ ግን የሚጠቃው በአብዛኛው የውስጡ ክፍል በመሆኑ ብሌኑ ብዙ ጊዜ ደህና ይሆናል፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ገደማ ይሻላል። ሆኖም ዓይኑ በከፊል ብቻ ከደከመ የብሌኑ ደህንነት ዋስትና አይሆንም። ራስ ምታትም በሁለቱም ስለሚኖር እርሱን ተመርኩዞ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ አኑሪዝም በተጠረጠረ ቁጥር የደም ሥር ምስል በዚያው ቀን መነሣት አለበት እላለሁ። አኑሪዝሙ ከፈነዳ ደሙ አንጎልን ከብቦ ሊገድል ይችላል።

የ6ኛው ነርቭ ጉዳይ ሌላ ነው። ከዓይን ጀርባ ባለው ካቨርነስ ሳይነስ በሚባል የደም መልስ ቋት ውስጥ፣ በአንገት በኩል ለአንጎል ደም ከሚያደርሰው ከካሮቲድ ደም ወሳጅ ቧንቧ ጎን ስለሚያልፍ፣ ቧንቧው ተቀዶ ወደ ሳይነሱ ሲፈስ በቀላሉ ይጎዳል። ዓይኑ ይቀላል፣ ወደ ፊት ይወጣል፣ ታካሚውም ከልብ ምቱ እኩል የሚሄድ ሹክሹክታ በራሱ ውስጥ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ዓይን የተለመደ የዓይን መቅላት ነው ብሎ ጠብታ ብቻ መስጠት በእጅጉ ያሳስበኛል። 4ኛው ነርቭ በደም ሥር ችግር ሲጎዳ ደግሞ በተለይ ደረጃ ሲወርዱና ሲያነቡ ያስቸግራል።

አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1937 እ.ኤ.አ. 3ኛውን ነርቭ የተጫነ አኑሪዝም ከቧንቧው የሚነሣበትን ጠባብ አንገት በብረት ቆንጥጦ ዘግቶታል፤ ዛሬ በደም ሥር ውስጥ ገብቶ አኑሪዝሙን በኮይል፣ ማለትም በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ፣ መሙላትም ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ነርቩ የመዳን ዕድሉ የሚሻለው ሕክምናው ሲፈጥን ነው። እስከዚያው ድርብ እይታውን ለማስቀረት አንዱን ዓይን መሸፈን ይበቃል።