ስንጥቡን ገልጣ አሳየቻቸው

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ዓሣ ልገዛ ቆሜ ነበር። ከፊቴ አንድ አባት ቆሮሶውን እያገላበጡ «ሁሌ ትኩስ ነው ትላላችሁ፤ ቤት ሲገባ ይሸታል» አሏት። ሻጯ አልማለችም፣ አልተቆጣችም። ሁለቱን አንስታ ወደ ጎን አደረገችና «አባባ፣ እነዚህን አይውሰዱ፤ የትናንት ናቸው» አለች። ቀጥላ ሌላ አንስታ በአውራ ጣቷ ስንጥቡን፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን፣ ገለጠችው። ደም የመሰለ ቀይ! የትናንቱንም ገለጠች፤ ቡናማ ሆኗል፣ ዝልግልግ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ዝም አለች። ምንም አልጨመረችም። እሳቸው አዩ፣ አዩና «አራት አድርጊልኝ» አሉ።

ከሰዓት በእድራችን ስብሰባ ላይ ድንኳኑ ይቀየር ብዬ መናገር ነበረብኝ። ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ንግግር የሚያሳምነው በተናጋሪው ማንነት፣ በአድማጩ ስሜትና በማስረጃው ነው ብሏል። ትልቁን ቦታ የሚሰጠው ለተናጋሪው ታማኝነት ይመስለኛል፤ ያውም ከቀድሞ ዝናው ሳይሆን ከንግግሩ ከራሱ የሚወለድ ታማኝነት። የኛዎቹ የበላ ልበልሃ ተሟጋቾችም ቢሆኑ፣ ግጥሙ የቱን ያህል ቢያምር ምስክር መቁጠር አይቀርላቸውም ነበር።

የድንኳኑን ጥቅም የሚዘረዝረውን የመጀመሪያ ገጽ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ተነሥቼ «ይህ ነገር ከእያንዳንዳችን በየወሩ ተጨማሪ 20 ብር ይጠይቃል» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ቆይ፣ እስቲ ይጨርስ» አሉ።