ቱርቦው አይደለም፣ ኢጂአሩ ነው

መኪናዬ ሰሞኑን ጉልበት አጥታ ነበር። ከአዳማ ወደ ሞጆ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፤ ቆማ ስትሠራ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ጋራዥ "ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር" አለኝ። ቱርቦ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል ነው፤ ዋጋው መቼም ይታወቃል።

ዛሬ ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ኮምፒውተር ሲሰካ ፒ0402 የሚል ኮድ ወጣ። ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ ከልክ በላይ ነው ማለት ነው። እሱ ግን በኮዱ ብቻ አልፈረደም። የኢጂአሩን ቫልቭ፣ ማለትም ጭሱን የሚመልሰውን በር፣ ፈትቶ አሳየኝ። ጥላሸቱ እንደ ቅጥራን ተጋግሮ፣ ቫልቩ እንደተከፈተ ቀርቷል።

ኢጂአር ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በዚህም የቃጠሎው ሙቀት ይቀንሳል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝም ያንሳል። ቫልቩ አልዘጋ ሲል ግን ሞተሩ በቂ ንጹሕ አየር አያገኝም። የናፍጣ መኪና ያን ጊዜ ነው ጥቁር የምታጨሰው።

በማጽጃ ፈሳሽ እያራሰ በብሩሽ ፈገፈገው። የጭሱን መተላለፊያም አጸዳ። ጋስኬቱን በአዲስ ቀየረ፣ ኮዱን አጠፋ። ወጥተን ሞከርናት፤ ጉልበቷ ተመልሷል!

አጠገባችን የነበረ ሰው "በላሜራ ድፈነውና ተገላገል" ሲለው እምቢ አለ። በጣም ደስ አለኝ። ኢጂአሩ ከተደፈነ ያ መርዛማ ጋዝ ይበዛል፤ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት እኮ መንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶችና የባጃጅ ልጆች ናቸው።

ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ደግሞ አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ አውጧት። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ጥላሸት ቶሎ አይጋገርም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።