አዲስ አበባን ለእንግዳ ስታሳዩ ዕቅዱን ከመግቢያው ጀምሩ

ዘመድ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባን ሊያይ ሲመጣ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። መርካቶ ላይ ኪሳቸውን ይጠብቁ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ስልክ አያውጡ። «ልብስዎ ቆሽሿል» ብሎ ሊጠርግ የሚጠጋ ሰው ካለ ይሽሹ። ምክሩ ልክ ነው፤ እኔም ነግሬያቸዋለሁ። ግን የአክስቴን ቤተሰብ ይዤ መርካቶን ዞሬ አንድ ሳንቲም አልጎደለብንም። ያስጨነቀን ሌላ ቦታ ነው። ከተማው ጠርዝ ላይ፣ ሲመሽ፣ አውቶቡሱ ካራገፋቸው ቦታ እስከ ቤቴ ያለችው አጭር መንገድ። ስለዚያች መንገድ ያስጠነቀቀኝ ሰው የለም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአያት አልፎ፣ ጣፎ አጠገብ። እንግዶቼ የመጡት ደሴ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ነው። አክስቴ፣ ባለቤቷ ጋሼ፣ እና 12ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጃቸው። ሦስቱም አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። አክስቴ ሐይቅ እስጢፋኖስን እየተሳለመች ያደገች ሴት ናት፤ ሥላሴ ካቴድራልን ሳታይ መሞት አልፈለገችም። ጋሼ ድንቅነሽን እና የዓድዋን ሙዚየም አሉ። ልጅቷ ባቡር እና እንጦጦ አለች።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ጊዜው ጥር እንዲሆን አደረግን፤ በክረምት ዝናብ እንግዳ ማዞር ለማንም አልመክርም። ሹራብ ያዙ አልኳቸው፤ የጥር ሌሊት እኛ ሰፈር ይበርዳል። ፋይዳ መታወቂያቸውን ያዙ። ገንዘቡን ሦስት ቦታ ከፋፈሉት፤ የቀረው ቴሌብር ላይ ተቀመጠ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ጄሪካኖቹን ሁሉ ሞላሁ። ለብሎካችን ኮሚቴ እና ለጥበቃው እንግዳ እንደሚመጣ ቀድሜ ተናገርኩ።

አንድ ነገር ግን በደንብ አሰብኩበት፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። እያንዳንዳቸው ኪስ ውስጥ ወረቀት እንዲገባ አደረግሁ። ልጅቷ በእጇ በትልልቁ ጻፈችው። የእኔ ስልክ፣ የጎረቤቴ ስልክ፣ «የካ አባዶ»፣ የብሎካችን ቁጥር። እኛ ሰፈር «ኮንዶሚኒየም ነው» ብሎ ቤት የሚያገኝ ሰው የለም። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ደረጃ ናቸው። ሰዎች «ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል» አሉኝ። ምን እንዳደረገ አሁን እነግራችኋለሁ።

የሚሳፈሩት ከደሴ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል፤ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጣርማበርን ይወጣል። ከዋሻው በኋላ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ ሰንዳፋ፣ ከዚያ ለገጣፎ። ካርታውን ያየ ሰው ይገባዋል፤ አውቶቡሱ የሚያልፈው በእኔ ደጅ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ ለትኬት ቆራጩ ደውዬ «ለገጣፎ ላይ ያውርዱልኝ፣ እዚያው እቀበላቸዋለሁ» ብዬ ለመንኩ። «አይቻልም» አለኝ። «ከመናኸሪያ ውጭ ማራገፍ ክልክል ነው። 10 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ጠብቂ።» ደንብ ነው ከተባለ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

9 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያው በር ላይ ነበርኩ። 8 ሰዓት ላይ ልጅቷ ከደብረ ብርሃን ደውላ «አልፈናል» ብላኝ ነበር። 10 ሰዓት ሆነ። 11 ሆነ። ደወልኩ፤ ስልኳ ተዘግቷል። ባትሪ ነው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። የአክስቴ እና የጋሼ ስልክ ሐይቅ ቀርቷል፤ «አንድ ይበቃል» ብለው።

ስምሪት ክፍል ገባሁ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ከደሴ የመጣ መኪና አልገባም?» አልኩት። «ሲገባ ታያለሽ» አለ። «የመኪናውን ታርጋ ወይ የሹፌሩን ስልክ ይስጡኝ» አልኩት። «መረጃ አንሰጥም።» «እንግዶቼ ከተማውን አያውቁም፣ አዛውንት አሉ፣ መንገድ ላይ ቢያራግፏቸውስ?» አልኩት። አሁን ቀና አለ። «እህቴ፣ ሁሉም መኪና እዚህ ነው የሚያራግፈው። ሌላ ቦታ አያራግፍም። ጠብቂ።» እንደገና ወደ መዝገቡ ተመለሰ። ይህን ንግግር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል። እሱ ዘንድ ያለው ደንቡ ብቻ ነው። መኪናው የት እንዳለ አያውቅም፤ ለማወቅም አልሞከረም። አንድ ስልክ ማንሳት ይበቃው ነበር።

12 ሰዓት አለፈ፤ ጨለመ። ሌሎች መኪኖች እየገቡ አራገፉ። ተሸካሚዎቹ ሻንጣ እየተሻሙ ነበር። እኔ እያንዳንዱ በር ሲከፈት ሮጬ አያለሁ። አክስቴ የለችም። 1 ሰዓት አካባቢ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው። «ሦስት እንግዶች ሱቄ ውስጥ አሉ። ወረቀት ላይ ስልክሽን አግኝቼ ነው» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሸኖን አልፈው ጎማ ፈነዳ። ቅያሪው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሰንዳፋን አልፈው ወደ ለገጣፎ ሲቃረቡ ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቆመና ረዳቱ «ሁሉም ውረድ፣ ከዚህ በታክሲ ሂዱ» አለ። አንዱን ተሳፋሪ «መሽቷል፣ መግባት አንችልም» አሉት። ሌላውን «መኪናው ተበላሽቷል» አሉት። መኪናው ግን ዞሮ ሄደ፤ ጋሼ በዓይናቸው አይተዋል። ከተማውን የሚያውቁት ተሳፋሪዎች ተበተኑ። የእኔዎቹ ከማር ቆርቆሮ እና ከጤፍ ከረጢት ጋር ጨለማ አስፋልት ዳር ቀሩ።

ወዲያው ሦስት ጎረምሶች ከረጢቱን ሊያነሱ መጡ። አንድ ባጃጅ «አባዶ አውቀዋለሁ፣ ግቡ» አለ። ስንት ብር ነው ሲሉት የጠራው ዋጋ ከደሴ ከተሳፈሩበት ትኬት ብዙም አይተናነስም። ጋሼ አልገቡም። «አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ሳትደውል ምንም ነገር ውስጥ አትግቡ ብላናለች» ብለው ከረጢቱ ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷ ብርሃን ያለበትን ሱቅ አየችና ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ባለሱቋ ሦስቱንም አስገባቻቸው፤ ለስላሳ ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠቻቸው። እዚያ አካባቢ ከመሸ ጅብ ብርቅ አይደለም። ያቺ ሴት ሱቋን ዘግታ የምትሄድበት ሰዓት ነበር፤ ለእነሱ ስትል ቆየች።

አሁን የእኔን ሁኔታ አስቡት። እንግዶቼ ያሉት ከቤቴ በመኪና ትንሽ ደቂቃ የሚርቅ ቦታ ነው። እኔ ግን ከተማ ውስጥ ነኝ፤ «ደንብ ነው» ስለተባልኩ። በመካከላችን የምሽቱ የመኪና ጭንቅንቅ አለ። በስልክ የጠራሁት ሹፌር መድረሻዬን ሲሰማ «ከዚያ ባዶዬን ነው የምመለሰው» ብሎ ሰረዘ። ሁለተኛውም ሰረዘ። ያዳነኝ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለተኛው ስልክ ነው። ጎረቤቴ መኪና አለው። ደወልኩለት፤ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ወጣ። እኔ በኮንትራት ታክሲ ቤቴ ስደርስ እንግዶቼ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው የጎረቤቴ ሚስት ሻይ እያጠጣቻቸው ነበር። ባለሱቋ ለስልኩም ለለስላሳውም ገንዘብ አልቀበልም ብላለች። አክስቴ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ሰው አለው» አለችኝ። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

በማግስቱ ለአቤቱታ ተመለስኩ። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ቀጥሎ «ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ» አሉ። ጻፍኩ። ከዚያ «ትኬቱን አምጪ» አሉ። ትኬቱን ረዳቱ ከመውረዳቸው በፊት ሰብስቦታል! «እንግዲያው በየትኛው መኪና እንደመጡ በምን እናውቃለን?» አሉኝ። መረጃ ስጠይቅ አልሰጡኝም፤ አሁን መረጃ አምጪ ይሉኛል። እዚያው ቆሜ እምባዬ መጣ፤ የንዴት እምባ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ከሚመለከተው አካል ከምትሰሙት ጋር ላይገጥም ይችላል።

እንግዳችሁ ከመሳፈሩ በፊት ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ሲሳፈር ታርጋውን አንስቶ ይላክ። የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ እዚያው ተቀበሉ፤ መናኸሪያ ላይ ሲደርሱ ማንም አይሰጣችሁም። መናኸሪያ ብቻ ጠብቁ ቢሏችሁ አትመኑ። አንድ ሰው መናኸሪያ ይሁን፣ አንድ ሰው ከተማው መግቢያ በኩል ስልክ ይዞ ይጠብቅ፤ ጠርዝ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ግዴታ ነው። ሁለት ስልክ ይያዙ፤ አንደኛው ተዘግቶ ይቀመጥ። እኛ ሰፈር በምሽት መኪና መጥራት አስተማማኝ አይደለም፤ መኪና ያለው ጎረቤት ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። የፖሊስን 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 ወረቀቱ ላይ ጨምሩ። ከሁሉም በላይ ከመሸ የሚገባ ጉዞ አትቀበሉ። መንገዱ ከዘገየ ደብረ ብርሃን አድረው ጠዋት ይምጡ። የአልጋ ዋጋው ምንም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉብኝት ሰላማዊ ነበር፤ ብዙ የምለው የለኝም። ከአያት ባቡር ይዘን ስታዲየም ወረድን። ባቡሩን ከሥራ መግቢያ ሰዓት በኋላ ያዙት፤ ጠዋት ሰው በሰው ላይ ነው፣ ለኪስ አውላቂ የሚመቸውም ያ ነው። ሥላሴ ካቴድራል አክስቴ የጃንሆይን እና የእቴጌ መነንን መቃብር ተሳለመች። ብሔራዊ ሙዚየም ጋሼ ድንቅነሽ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። በ1967 አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብዬ ስነግራቸው «ታዲያ ሁላችንም የአፋር ዘመዶች ነን» አሉ። ከወሎ ለመጣ ሰው ይህ ቅርብ ነገር ነው። በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ነው፣ ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ። ግማሽ ቀን ስጡት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጋሼ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር፣ እያረፍን ወጣን። ምኒልክ የነገሡባት እንጦጦ ማርያም እዚያው ናት።

መርካቶ አትውሰዷቸው የሚሉኝን አልሰማሁም። ሐሳቤን አልቀየርኩም። ጠዋት ሂዱ፣ ቦርሳ አትያዙ፣ አንድ ተራ ብቻ ምረጡ። እኛ ሸማ ተራ ገብተን ነጠላ ገዝተን ወጣን። መርካቶን ሳያይ ሐይቅ የተመለሰ ሰው አዲስ አበባን አይቻለሁ ቢል አላምነውም።

ሲመለሱ እኔው ራሴ አሳፈርኳቸው። ትኬቱን አነሳሁ፣ ታርጋውን አነሳሁ። ሹፌሩን ስልክ ስጠኝ አልኩት፤ ሳያቅማማ ሰጠኝ። በጣም ጨዋ ሰው ነበር። ልጅቷ ፓወር ባንክ ይዛለች፤ ከሸዋ ሮቢት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ ደወለች።

ማመልከቻዬን በመጨረሻ ተቀብለው የመዝገብ ቁጥር ሰጥተውኛል። እስካሁን የደወለልኝ የለም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ከተመደበች የምትመላለሰው በዚሁ መስመር ነው። መልሱን የምፈልገው ከዚያ በፊት ነው።